ለእሳት አደጋ ሠራተኞቹና ለሰፈራችን ልጆች ምን ብናደርግላቸው ይሻላል?

የገንደ ቆሬዋ ሳምቡሳ ሻጭ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ ነው። ሳምቡሳና ባጊያ ጠብሼ እሸጣለሁ። አንድ ነገር ልጠይቃችሁ ፈልጌ ነው፤ መጀመሪያ ግን የሆነውን ላውራችሁ።

ባለፈው ረመዳን ነው። ማፍጠሪያው ሊደርስ ሃያ ደቂቃ ያህል ቀርቶታል። በዚያ ሰዓት ደንበኛ ይበዛል፤ እኔም ዘይቱን ከሰል ላይ ጥጃለሁ። አንዷ ደንበኛዬ በር ላይ ጠራችኝና መልስ ልሰጣት ወጣ አልኩ። ስመለስ ዘይቱ ተቀጣጥሏል። የ14 ዓመት ልጄ ደንግጣ በጣሳ ውሃ ደፋችበት። ነበልባሉ ቡፍ ብሎ ጣራ ነካ። ኩሽናው ጣውላና ቆርቆሮ ነው። ከግድግዳው ወዲያ ጎረቤቴ አለች፤ አራስ ናት።

ጮህኩ። የሰፈሩ ልጆች ከየት እንደመጡ አላውቅም። አንዱ ሮጦ ከቆጣሪው መብራት አጠፋ። አንዱ እርጥብ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ገባና ጥግ ላይ ያስቀመጥኩትን የጋዝ ሲሊንደር ታቅፎ ወጣ። ሁለቱ አራሷን ከነልጇ አወጡ። የቀሩት ከሮቶው እስከ ኩሽናው ተሰልፈው ጀሪካን ይቀባበላሉ። የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ። ብዙዎቹ ጾመኛ ናቸው፤ ከሱሁር ወዲህ ጠብታ ውሃ አልቀመሱም። ያን ሁሉ ውሃ በእጃቸው እያሳለፉ፣ ፊታቸው ላይ እየተረጨ፣ አንዱም ከንፈሩን አላራሰም።

የእሳት አደጋ መኪናው ደረሰ፤ ግን መግቢያው ላይ ቆመ። ባጃጆች ተደርድረዋል፣ የአንድ ጎረቤታችን የግንባታ አሸዋ ተከምሯል፣ የኔም ጠረጴዛ መንገዱ ላይ ነው። ሠራተኞቹ ቱቦውን በትከሻቸው እየጎተቱ በሩጫ ገቡ። ኩሽናዬ ሄደ። የጎረቤቴ ክፍል ተረፈ። ልጄ ክንዷ ላይ ተቃጥላ ስለነበር የጥርስ ሳሙና ልቀባት ስል አንድ የቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኛ ልጅ እጄን ያዘኝ። «ተዪው እናቴ፣ ውሃ ብቻ» አለኝ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ቀስ አድርጎ ውሃ ሲያፈስላት፣ እያጫወታት ነበር። ዛሬ ክንዷ ላይ ምልክቱ አይታይም ማለት ይቻላል።

አዛን ሲል ከእሳት አደጋ ሠራተኞቹ አንዱ ደጃፌ ላይ ቁጭ ብሎ ነበር። ቦት ጫማውን አውልቆ ሲገለብጠው ጥቁር ውሃ ፈሰሰ። ካልሲው ተረከዙ ላይ ተቀዷል። አንድ ትንሽ ልጅ ተምር ይዞለት መጣ። የሰውየው እጅ ጥላሸት ብቻ ስለነበር ልጁ ራሱ አጎረሰው። ቡና ላፍላላችሁ ብል «እትዬ፣ ሌላ ጥሪ አለብን» ብለውኝ ሄዱ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኋቸውም።

ያ የተቀደደ ካልሲ ከዓይኔ አልጠፋም። ነገሩን እድራችን ላይ አነሳሁት። ገሚሱ በግ እንረድላቸው አለ፤ ገሚሱ ባነር አሠርተን ሰርተፍኬት እንስጣቸው አለ። እናንተ ምን ትላላችሁ? በዚህ ሥራ ያለፈ ሰው ቢመልስልኝ ደስ ይለኛል።

የከዚራው

እንኳን አተረፋችሁ እህቴ። የልጅሽን ክንድ ፈጣሪ ጨርሶ ይማርልሽ።

እኔ ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ 1998፣ ደቻቱ ሲሞላ የ19 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ለማያውቅ ሰው፣ ደቻቱ ከተማችንን የሚያቋርጥ ወንዝ ነው፤ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። ያን ሌሊት ዝናቡ የወረደው ደጋው ላይ ነው፤ ጎርፉ ቁልቁል መጥቶ ከተማዋን በእንቅልፏ ያዛት። ከ250 በላይ ሰው ሞተ። እኛ ወጣቶቹ ጓንት የለን፣ ቦት ጫማ የለን፤ ገመድ ይዘን ነው የወጣነው። ከዚያ በኋላ ለቀናት ጭቃ ውስጥ ሰው ስንፈልግ ከረምን። ስላገኘነው አልጽፍም።

ከዚያ ሁሉ የማልረሳቸው አንዲት የመጋላ እናት ናቸው። በየጠዋቱ ሻይ በቴርሞስ፣ የእጅ መታጠቢያ ውሃ በማንቆርቆሪያ ይዘው ይመጣሉ። ምንም አይናገሩም። ያስታጥቡናል፣ ይቀዱልናል፣ ይሄዳሉ። በሦስተኛው ቀን እኔን አዩኝና «ልጄ፣ ሌሊት ትተኛለህ?» አሉኝ። አለቀስኩ። እስከዚያች ሰዓት አላለቀስኩም ነበር።

እንግዲህ በጉንም እረዱላቸው፣ ደስ ይላል። ግን አብራችኋቸው ቁጭ በሉ። እንቅልፍ እንዴት እንደሆነ ጠይቋቸው። የሰፈሩን ልጆች ደግሞ እንዳትረሱ። የእሳት አደጋ ሠራተኛ ቢያንስ መሥሪያ ቤት አለው። ሲሊንደሩን ታቅፎ የወጣውን ልጅ ማን ይጠይቀዋል? እድሩ ፊት በስሙ ጥሩትና እናቱ ትስማ።

የድሬ ልጅ፣ ከሜልበርን

አቦ፣ ሰፈሬን አስታወሳችሁኝ። ያደግኩት ለገሃሬ ነው።

እዚህ አውስትራሊያ ሰደድ እሳት በየበጋው የሚጠበቅ ነገር ነው። ገጠሩን ከእሳት የሚጠብቁት በአብዛኛው ያለ ደመወዝ የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፦ ገበሬ፣ መምህር፣ መካኒክ። ጥሪ ሲመጣ የያዙትን ጥለው ይሄዳሉ። በፈረንጆቹ 2019 እና 2020 መካከል በነበረው ከባድ በጋ እሳቱ 33 ሰው ገደለ፤ ዘጠኙ እሳት ለማጥፋት የወጡ ናቸው። ከሟቾቹ የአንዱን ቀብር በቴሌቪዥን አየሁ። ገና ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጁ፣ የእንጀራ እናት ጡት የሚሉትን ፕላስቲክ አፉ ውስጥ እንደያዘ፣ የአባቱን ሜዳሊያ ደረቱ ላይ ሰኩለት። ልጄን አቅፌ ነበር የማየው።

ቀን ከፈለጋችሁ ሚያዝያ 26 የዓለም የእሳት አደጋ ሠራተኞች ቀን ነው። መነሻውም እዚሁ እኔ ያለሁበት ቪክቶሪያ ነው። በነሱ አቆጣጠር ታኅሣሥ 1998 ሊንተን በምትባል ቦታ አምስት በጎ ፈቃደኞች ነፋሱ ድንገት ዞሮባቸው መኪናቸው ውስጥ ሞቱ። በቀጣዩ ዓመት ይህ ቀን እንዲከበር ሐሳብ ቀረበ። ቀይና ሰማያዊ ሪባን ይደረጋል፤ ቀዩ ለእሳቱ፣ ሰማያዊው ለውሃው።

አንድ ነገር ልጨምር። የሥራ ባልደረባዬ በጎ ፈቃደኛ ነው። ለሳምንታት እሳት ላይ ቆይቶ ሲመለስ ጎረቤቶቹ ግቢውን አጽድተው፣ ደረቁን ሣር አጭደው ጠበቁት። የራሳቸውንም ጭምር አጭደዋል። ደረቅ ሣር እሳቱን ወደ ቤት የሚያመጣው እሱ ነዋ። ከተሰጠው ስጦታ ሁሉ ያን ነው ደጋግሞ የሚያወራው።

ቱቦ ተሸካሚው

እትዬ፣ ደጃፍዎ ላይ ቁጭ ያለው የእሳት አደጋ ሠራተኛ እኔ አይደለሁም፤ ግን ሥራዬ ያው ነው። ጽሑፍዎን ለባለቤቴ አነበብኩላት።

የጠየቁትን በቀጥታ ልመልስ። መንገድ ስጡን። ከእናንተ መግቢያ የባሰ ስንት አለ። መኪናው ውጭ ሲቀር ቱቦ እንቀጣጥላለን፤ ያ ሁሉ ደቂቃ ነው፣ እሳት ደግሞ አይጠብቅም። የምንይዘው ውሃም በሙሉ ኃይል ከተረጨ በደቂቃዎች ያልቃል። ያኔ «ባዶ መኪና ይዘው መጡ» ተብሎ ድንጋይ የተወረወረብን ቀን አለ። እኔ ግንባሬ ላይ ጠባሳው አለ።

ስትደውሉ «ገንደ ቆሬ እሳት» ብላችሁ አትዝጉ። የትኛው መስጊድ አጠገብ፣ የትኛው ሱቅ ፊት ለፊት እንደሆነ ንገሩን። አንድ ልጅ አስፋልቱ ላይ ቆሞ ይጠብቀን። ውስጥ ሰው አለ? ሲሊንደር አለ? መብራቱ ጠፍቷል? እነዚህን በር ላይ የሚነግረን ሰው ካለ ግማሹ ሥራ አለቀ።

ስለ ዘይቱ፦ የጋለ ዘይት ላይ ውሃ ሲደፋ ውሃው ከሥር ወርዶ በአንዴ ይተናል፤ የሚነድደውን ዘይት ይዞት ይወጣል። ልጅዎን አይቆጧት፣ ብዙ ትልቅ ሰውም ያንን ያደርጋል። ክዳን ይክደኑበት፣ ድስቱን አያንቀሳቅሱት። ክዳኑ ሁሌ አጠገብዎ ይሁን።

ካልሲ ያሉት ግን ልቤን ነካው። እውነት ነው፣ ካልሲ ያልቅብናል።

የገንደ ቆሬዋ ሳምቡሳ ሻጭ

አነበብኩት፣ ደግሜ አነበብኩት። ወንድሜ፣ ግንባርህን ስለመታህ ሰው እኔ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ።

ትናንት እድሩ ተሰበሰበ። የሁላችሁንም መልስ ልጄ ጮክ ብላ አነበበችው። ባነሩ ቀረ። ሚያዝያ 26 ጠዋት ጀበናዬንና ሳምቡሳዬን ይዘን እነሱ ጋ እንሄዳለን፤ ከተረኞቹ ጋር ቁጭ እንላለን። ሴቶቹ ለካልሲ መቶ መቶ ብር አዋጣን፤ ወፍራም የጥጥ ካልሲ ከቀፊራ ገበያ ገዝተናል። የሰፈሩን ልጆች ደግሞ ዛሬ ማታ እራት ጠርቻቸዋለሁ፣ ከነእናቶቻቸው።

ጠረጴዛዬን ወደ ውስጥ አስገባሁ። ባጃጆቹ ከመግቢያው ማዶ እንዲቆሙ ከሾፌሮቹ ጋር ተስማማን። የአሸዋው ባለቤት ስብሰባው ላይ አንድ ቃል አልተነፈሰም ነበር፤ ቅር ብሎት ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር። ዛሬ በጠዋት አካፋ ሲፋጭ ሰምቼ ብወጣ፣ እሱና ሁለት ልጆቹ አሸዋውን በጋሪ እየጫኑ ነው።