ያለ ጌሾ የተጣለ የማር መጠጥ ጠጅ ሊባል ይገባዋል?

ጠያቂ፣ ከሜሪላንድ
የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። በምኖርበት አካባቢ የመጠጥ መደብሮች ውስጥ «ሃኒ ዋይን» እና «ጠጅ» የሚሉ ስሞች ጎን ለጎን የታተሙበት ጠርሙስ ይሸጣል። መለያው ማርና ውሃ እንጂ ጌሾ አይጠቅስም፤ ሲቀመስም የማሩ ጣፋጭነት ብቻ ነው የሚሰማው። ከሁለት ወር በኋላ በልጄ ሠርግ ላይ ይህንን ጠጅ ብዬ ለሽማግሌዎች ማቅረቤ ተገቢ ነውን?

የጠጅ ቤት ልጅ
ተገቢ አይመስለኝም። ማር በውሃ ተበጥብጦ ሳይፈላ ሲጠጣ ብርዝ ይባላል፤ ብርዙን ጠጅ የሚያደርጉት ደግሞ መፍላቱና ጌሾው ናቸው። እናቴ ጠጅ ስትጥል ጋኑን በወይራ ጭስ ታጥናለች፤ 1 እጅ ማር በ3 ወይም በ4 እጅ ውሃ በጥብጣ ከከደነችው ከጥቂት ቀናት በኋላ ሰፈፉን ገፍፋ፣ ተከትክቶ የተቀቀለ የጌሾ እንጨት ትጨምርበታለች። ጌሾው ምሬት ሰጥቶ የማሩን ጣፋጭነት ያርቀዋል፤ መጠጡ ቶሎ እንዳይኮመጥጥም ይረዳል። በቃኝ ስትል ጌሾውን አውጥታ ታጠልለዋለች። ያለ እርሱ ብርሌ ውስጥ የሚቀዳው ቢጫ መጠጥ ሌላ ነገር ነው።

ማር ወዳድ
በጌሾው ጉዳይ እስማማለሁ፤ ይሁን እንጂ እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ በማር ፈንታ ስኳር እየተጣለ፣ ቀለም እየተጨመረበት በዚሁ ስም መሸጡ ነው። ፖላንዶች የማር መጠጣቸውን የሚሰይሙት እንደ ማሩ መጠን ነው፤ 1 እጅ ማር በ1 እጅ ውሃ «ድቩይኒያክ»፣ በ2 እጅ ውሃ ደግሞ «ትሩይኒያክ» ይባላል፤ ስሞቹም ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የተጠበቁ ናቸው። በግእዝና በትግርኛ ሜስ፣ በአፋን ኦሮሞ ዳዲ እየተባለ ለዘመናት የቆየው መጠጣችንም ከምን እንደሚሠራ የሚደነግግ እንዲህ ያለ ሕግ ሊኖረው ይገባል።

ጠያቂያችን፣ ሁለት ወር ለመጣል በቂ ጊዜ ነው። ደረቅ የጌሾ እንጨት በሲልቨር ስፕሪንግ ካሉት የሐበሻ ሱቆች ያገኛሉ፤ ማሩን ግን ያልተጣራና ያልተሞቀ ይምረጡ፤ መጠጡን የሚያፈላው እርሾ ከማሩ ጋር አብሮ የሚመጣ ነውና።