የድሮውን ስታር ትሬክ ለአባቴ ልገዛ ነው፤ የትኛውን ዲቪዲ ልውሰድ?

የአባዬ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁም። እዚህ የዲስክ ነገር የሚገባችሁ ሰዎች አላችሁ፤ ለዚያ ነው የምጠይቀው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

አባቴ በወጣትነቱ የሚወደው አንድ ተከታታይ ነበር፤ ስታር ትሬክ። የመጀመሪያውን ማለቴ ነው፣ ከ1966 እስከ 1969 የታየውን፣ በጠፈር መርከብ የሚጓዙት ካፒቴን ከርክና ስፖክ ያሉበትን። ያየው ግን በጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ነው። በቅርቡ የዓይኑ ሞራ ተገፈፈለት። ከዚያ ወዲህ "ቀለም ሁሉ እንደ አዲስ ሆነብኝ" ይላል። መስኮት ላይ ቆሞ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ ሲያይ ያረፍዳል። እሱን እያየሁ ነው ይሄ ተከታታይ ትዝ ያለኝ። ሦስቱንም ሲዝን ልገዛለት ወሰንኩ።

ልገዛ ስል ግን ያገኘሁት አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ በአንድ ዲስክ ሁለት ክፍል ብቻ የያዘ ነው። ሌላው ቢጫ፣ ሰማያዊና ቀይ የፕላስቲክ ሳጥን አለው። ሌላው ሽፋኑ ላይ "ሪማስተርድ" ይላል። ብሉሬይም አለ። ሁሉም ያው ከርክና ስፖክ ናቸው፤ ልዩነቱ ምን እንደሆነ ሽፋኑን አይቼ ማወቅ አልቻልኩም።

ለሙከራ "ሪማስተርድ" ከሚለው አንድ ዲስክ ተውሼ አሳየሁት። ምስሉ ጥርት ያለ ነው። "ስፖክ ሰማያዊ ነው እንዴ የሚለብሰው?" አለ። እስከዛሬ ሁሉም አንድ ዓይነት የለበሱ ነበር የሚመስለው። እንዴት ደስ እንዳለው! ከዚያ መርከቧ ፕላኔት ስትዞር የምትታይበት ቦታ ደረሰ። አባዬ ወደ ፊት ጠጋ አለ። ዝም ብሎ አየና "ይቺ እኮ የኔዋ መርከብ አይደለችም" አለኝ። ዲስኩን ወደ ኋላ መልሼ ደገምኩለት። "አይደለችም። የኔዋ እንዲህ አትታጠፍም ነበር" ብሎ በመዳፉ አሳየኝ፤ እጁን ዘርግቶ፣ ቀጥ አድርጎ፣ ቀስ ብሎ።

ያንን ሁሉ ዘመን እንዴት ሊያስታውስ ይችላል ብዬ ነበር። እሱ ግን ቃሉን አልቀየረም። ከዚያ ወዲህ ዲስኩን ክፈችልኝ አላለኝም።

ማጫወቻችን ተራ የዲቪዲ ማጫወቻ ነው። የትኛውን ልግዛ?

ናቲ፦

ሪማስተርዱን ውሰጂ። ከዋናው የፊልም ነጌቲቭ ላይ እንደ አዲስ የተቀዳ ነው። የፊታቸው ላብ፣ የልብሳቸው ክር ሳይቀር ይታያል። ዓይናቸው ገና ለተከፈተላቸው ሰው ከጥራት የሚበልጥ ምን አለ? መርከቧን በሁለትና በሦስት ክፍል ይለምዷታል።

ዲስክ ሰብሳቢ፦

ናቲ በጥራቱ ልክ ነህ። "ይለምዷታል" ያልከው ላይ ግን አልስማማም። እህቴ፣ አባትሽ አልተሳሳቱም። ያዩት መርከብ ሌላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2006 ተከታታዩ 40 ዓመት ሲሞላው ባለቤቱ ሲቢኤስ ነጌቲቩን በከፍተኛ ጥራት አስቀዳው። እዚያ ላይ ቢቆም ኖሮ ሁላችንም እሰየው ባልን ነበር። ግን መርከቧ የምትታይባቸውን ቦታዎች፣ ፕላኔቶቹን፣ ጠፈር ላይ ያለውን ውጊያ አውጥተው በኮምፒውተር በተሠራ ምስል ተኩት። የመግቢያውን ሙዚቃ እንኳ እንደገና አስቀድተውታል።

የድሮዋ መርከብ በእጅ የተሠራች ሞዴል ነበረች። ርዝመቷ ከ3 ሜትር ይበልጣል። ዛሬም ዋሽንግተን በሚገኘው የስሚዝሶኒያን የአየርና የጠፈር ሙዚየም ውስጥ አለች። ያን የሚያህል ሞዴል እንደልብ አይወረወርም። አብዛኛውን ጊዜ እሷ ባለችበት ትቆማለች፤ ካሜራው ነው በሐዲድ ላይ ወደ እሷ የሚሄደው ወይም ከእሷ የሚርቀው። ስታልፍ ቀጥ ያለችና ዝግ ያለች የምትመስለው ለዚህ ነው። አባትሽ በመዳፋቸው ያሳዩሽ ይሄንኑ ነው። ደግሞ በጀቱ ጠባብ ስለነበር ያንኑ ምስል በየሳምንቱ እየመለሱ ይጠቀሙበት ነበር። አንድ ሰው ያን ሁሉ ጊዜ ካየው እንዴት ይረሳዋል? ኮምፒውተር ላይ ግን መርከብ እንደፈለገች ትታጠፋለች።

አሁን ወደ ዲስኮቹ። ሁለት ሁለት ክፍል የያዘው ከ1999 እስከ 2001 የወጣው ነው። የድሮው ምስል ነው ያለው። ግን 40 ዲስክ ነው፤ አንዱ ሲገኝ ሌላው ይጠፋል። እኔ ሞክሬ መሃል ላይ ትቼዋለሁ። ብዙ አትድከሚበት።

ባለ ቀለም ሳጥኖቹ የ2004 ናቸው። ቢጫው ሲዝን 1፣ ሰማያዊው ሲዝን 2፣ ቀዩ ሲዝን 3። ቀለሞቹ የመርከበኞቹ የልብስ ቀለሞች ናቸው። እዚህ ውስጥ ያለው ኢፌክት፣ ማለትም የመርከቧና የጠፈሩ ምስል፣ በ60ዎቹ የተሠራው ነው፣ አልተነካም። መርከቧ ዙሪያ አንዳንዴ ጠቆር ያለ መስመር ታያለሽ፤ የፊልም ቅንጣትም አለ። ያኔ አንዱን ፊልም በሌላው ላይ እየደረቡ ነበር የሚሠሩት፣ በተደረበ ቁጥር ቆሻሻ ይጨምራል። እኔ ያንን መስመር እወደዋለሁ። የሰው እጅ ይታየኛል።

ሪማስተርዱ ዲቪዲ አዲሱ ኢፌክት ብቻ ነው ያለው። ወደ ድሮው የሚመልስ ምርጫ የለውም። በተለይ በ2007 በወጣው ሲዝን 1 ተጠንቀቂ። ዲስኩ ሁለት ፊት ነው፤ በአንዱ ዲቪዲ፣ በሌላው ኤችዲ ዲቪዲ የሚባል ዓይነት። ኤችዲ ዲቪዲ በ2008 ከገበያ ወጥቷል። በተራ ማጫወቻ የሚሠራልሽ አንዱ ፊት ብቻ ነው፤ ሁለቱም ፊት ስለሚነበብ ደግሞ የትም ብታስቀምጪው ይጫራል።

ብሉሬዩ በ2009 የወጣ ነው፣ ከሁሉም የሚበልጠውም እሱ ነው። የድሮውንም አዲሱንም ኢፌክት ይዟል፤ የፈለግሽውን ትመርጫለሽ። የድሮው ምስል ራሱ ከነጌቲቩ በከፍተኛ ጥራት የተቀዳ ነው። ግን ተራ ዲቪዲ ማጫወቻ ብሉሬይ አያነብም። ማጫወቻ መቀየር ከቻልሽ ብሉሬዩን። ካልቻልሽ የ2004ቱን ባለ ቀለም ሳጥን ያለ ምንም ማመንታት።

ስለ ቀለም ካነሳን አይቀር ይሄንን ንገሪያቸው፦ የካፒቴኑ ልብስ በእውን ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ነበር። በስቱዲዮው መብራትና በፊልሙ ምክንያት ነው ወርቃማ ቢጫ ሆኖ የወጣው።

የአባዬ ልጅ፦

አነበብኩለት። ስለ ሐዲዱ የጻፍከው ጋ ስደርስ "አላልኩሽም!" ብሎ ጭኑን መታ። እግዜር ይስጥልኝ፣ በእውነት።

ለጊዜው ማጫወቻ መቀየር አልችልም፤ ስለዚህ ባለ ቀለሙን መፈለግ ጀምሬያለሁ። ያገለገለ ቢጫና ቀይ አገኘሁ፣ ሻጮቹ ግን የተለያዩ ናቸው። ቢጫው "ሪጅን 1፣ ኤንቲኤስሲ" ይላል። ቀዩ "ሪጅን 2፣ ፓል" ይላል። ይሄ ችግር አለው? ደግሞ ያገለገለ ዲስክ መበላሸት አለመበላሸቱን እንዴት ልወቅ? ባለፈው ሌላ ተከታታይ ገዝቼ ሦስተኛው ዲስክ መሃል ላይ ቀጥ ብሎ ቀርቷል። ሻጩ "እኔ ስሰጥሽ ደህና ነበር" ብሎ መልስ አልሰጠኝም።

የቴሌቪዥን ጠጋኝ፦

የኔ ልጅ፣ እኔ ተከታታዩን ብዙም አላውቀውም። ማጫወቻ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ስጠግን ኖሬያለሁ።

ሪጅን ማለት ዲስኩ በየትኛው የዓለም ክፍል እንዲሸጥ እንደታሰበ የሚያሳይ ቁጥር ነው። 1 አሜሪካና ካናዳ ነው። 2 ውስጥ አውሮፓና ጃፓን አሉ። ማጫወቻሽ ለአንዱ ብቻ የተቆለፈ ከሆነ የሌላውን ዲስክ አስገብተሽ "አይነበብም" ይልሻል። አንድ የተዋስሽው ዲስክ ሠራ ማለት ሁሉም ይሠራል ማለት አይደለም። መጀመሪያ ማጫወቻሽን ገልብጪና ከኋላው ያለውን ቁጥር እዪ። ካልገባሽ ሁለት የተለያየ ሪጅን ያላቸው ዲስኮች ተዋሺና ሞክሪ።

ፓልና ኤንቲኤስሲ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሁለት የተለያዩ የቴሌቪዥን ምስል አሠራሮች ናቸው። ብዙ ሰው ከሪጅን ጋር ያምታታዋል። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ነው የሚቀረጸው። ፓል በሰከንድ 25 ያሳያል። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ፊልሙን በ4 በመቶ ያህል ያፈጥኑታል። 50 ደቂቃ የነበረው ክፍል 48 ደቂቃ ይሆናል። ምንም አልተቆረጠም፣ ፈጥኖ ነው የሚያልቀው። ድምፁም ቀጠን ይላል፤ ካላስተካከሉት በስተቀር። የፓሉ ምስል 576 መስመር ስላለው ከኤንቲኤስሲው 480 ትንሽ ይበልጣል፤ ይሄ ጥቅሙ ነው። ለአብዛኛው ሰው ፓሉ ምንም አይልም። አባትሽ ግን የመርከብ አካሄድ የሚለዩ ሰው ናቸው። የሙዚቃውን ቃና ይለያሉ ብዬ እጠረጥራለሁ። ማጫወቻሽና ቴሌቪዥንሽ ከተቀበሉት ሦስቱንም ኤንቲኤስሲ አድርጊ፤ አታቀላቅዪ።

ዲስኩን ሳትከፍዪ እዪው። ከመብራት ሥር ጋደም አድርገሽ ያዢው። ከመሃል ወደ ጠርዝ የሄደ ጭረት ብዙውን ጊዜ አያስቸግርም። ክቡን ተከትሎ የዞረ ጭረት ነው ክፉው፤ ማንበቢያው በዚያው መንገድ ስለሚሄድ ረጅም ርቀት መረጃ ይጠፋበታል። ስትወለውዪም እንደዚያው ነው፣ ከመሃል ወደ ውጭ በቀጥታ እንጂ እያዞርሽ አይደለም። መሃሉ ያለው ቀዳዳ አካባቢ ስንጥቅ ካየሽ አትግዢ። ስታጫውቺው እየሮጠ ይሰፋል።

አንዳንዱ ዲስክ መሃል ላይ ለአንድ አፍታ ቀጥ ብሎ ይቀጥላል። እሱ ብልሽት አይደለም። ሁለት ንብርብር ያለው ዲስክ ነው፣ ማንበቢያው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ነው። ባለፈው የገጠመሽ ቀጥ ብሎ ከቀረ ግን እውነተኛ ብልሽት ነው።

ዲስክ ሰብሳቢ፦

ጋሼ፣ ስለ ክቡ ጭረት ስለነገሩን አመሰግናለሁ። እኔ እስካሁን እያዞርኩ ነበር የምወለውለው።

እህቴ፣ ቀዩን ስትገዢ የመጨረሻው ዲስክ መኖሩን አረጋግጪ። እዚያ ላይ "ዘ ኬጅ" የሚባለው አለ። ከተከታታዩ በፊት ለሙከራ የተሠራ፣ ካፒቴኑ ሌላ ሰው የሆነበት ክፍል ነው። ጣቢያው ያኔ አልቀበልም አለ። ከዚያ በ1966 ፊልሙን ቆራርጠው ባለ ሁለት ክፍል ታሪክ ውስጥ አስገቡት። ሙሉው የቀረው በጥቁርና ነጭ ቅጂ ብቻ ነበር። በኋላ የጎደለው ቀለም ተገኘና በ1988 ሙሉ በሙሉ በቀለም ታየ። ሳጥኑ ውስጥ ሁለቱም ዓይነት አለ፦ ከፊሉ ጥቁርና ነጭ የሆነውም፣ ሙሉ ቀለሙም። በአንዱ ዓይነት ከርመው ወደ ሌላው ለተሻገሩ ሰው እኔ ከዚህ የተሻለ ክፍል አላውቅም።

ናቲ፦

ለአባትሽ የ2004ቱ እንደሚሻል ገብቶኛል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያይ ሰው ግን አሁንም ሪማስተርዱን ነው የምመክረው። "ዘ ዱምስዴይ ማሽን" የሚለውን ክፍል በሁለቱም አይቼዋለሁ። በአዲሱ ያ ፕላኔት የሚውጠው ማሽን እውነትም ያስፈራል። በድሮው ለኔ አያስፈራም።

ዲስክ ሰብሳቢ፦

በዚያ ክፍል እኔም ካንተ ጋር ነኝ።

የአባዬ ልጅ፦

ልንገራችሁ ብዬ ተመለስኩ። ማጫወቻችን ሪጅን 1ንም ያነባል። ቢጫውን ገዛሁ። ሻጩ ፊት ስምንቱንም ዲስክ አንድ በአንድ መብራት ሥር አየሁ። አንዱ ላይ ጭረት ነበረው፣ ግን ወደ ጠርዝ የሄደ ነው። ወሰድኩት፣ ይሠራል።

ትናንት ማታ ጀመርን። የመጀመሪያው ክፍል ገና ሲከፈት መርከቧ ፕላኔት ስትዞር ነው የሚያሳየው። አባዬ ምንም አላለም። እጁን ከጉልበቱ ላይ አነሳና መዳፉን ዘረጋ። መርከቧ እስክታልፍ ድረስ እኩል አብሯት ሄደ። ምስሉ እንደ ሪማስተርዱ ጥርት ያለ አይደለም፣ ናቲ እውነቱን ነው። አባዬ ግን የወንበሩን መደገፊያ ተደግፎ ነው ያየው፤ ወደ ፊት አልተጠጋም።

ሲዝን 1 29 ክፍል አለው፤ ሦስቱን በአንድ ምሽት ጨረስን። የካፒቴኑ ልብስ አረንጓዴ ነበር ስለው አላመነኝም፤ ዲስኩን አስቁሞ ቴሌቪዥኑ ድረስ ሄዶ አየው።

አሁን ሰማያዊው ነው የቀረኝ፣ ቀዩም ሪጅን 1 የሆነው። ያያችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። "ዘ ኬጅ" ያለበት ዲስክ የጎደለውን አልፈልግም።