ለቼዝ ፕሮግራሞች ውድድር የትኛው የሰዓት ደንብ ይሻላል? (ክርክር፣ ጅማ)

አወያይ፦ ጅማ ላይ ሊካሄድ በታሰበው ውድድር፣ ተማሪዎች የጻፏቸው ስምንት የቼዝ ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው ከሌሎቹ ጋር አንድ ጊዜ ይጋጠማሉ። ረቂቅ ደንቡ ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ 10 ሰከንድ ይፈቅዳል፤ የተረፈ ሰከንድ አይጠራቀምም። ሐሳባችሁን በምክንያት አስደግፋችሁ አቅርቡ።

ጅሬን፦ ረቂቁን እቃወማለሁ። ንጉሥ ኪሽ ተብሎ (በተጋጣሚው ጠጠር ተጠቅቶ) ማምለጫው አንድ ካሬ ብቻ ሲሆን 10 ሰከንድ ማሰብ ብክነት ነው፤ ሦስት መኮንኖች (ከወታደር የሚበልጡ ጠጠሮች) በተፋጠጡበት ቦታ ደግሞ 10 ሰከንድ አይበቃም። ጊዜውን የት መቆጠብ፣ የት ማፍሰስ እንዳለበት ማወቅ የፕሮግራሙ ብልሃት አካል ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 አልፋዜሮ የተባለው የዲፕማይንድ ፕሮግራም ስቶክፊሽ ከተባለው ኃይለኛ የቼዝ ፕሮግራም ጋር 100 ጨዋታ ተጋጥሞ 28ቱን ሲያሸንፍ አንዱንም አልተሸነፈም፤ ነገር ግን ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ የተሰጠው አንድ ደቂቃ ብቻ ስለነበር፣ ስቶክፊሽ ጊዜውን የሚያከፋፍልበት ጥበብ ታስሮበታል የሚል ቅሬታ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው የሁለቱ ግጥሚያ ጥናት ለእያንዳንዱ ወገን 3 ሰዓትና በየእንቅስቃሴው 15 ሰከንድ ጭማሪ ተሰጠ። አሸናፊው አልተለወጠም፤ በሰዓቱ ላይ የተነሣው ቅሬታ ግን መልስ አገኘ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም ለመላው ጨዋታ 15 ደቂቃ፣ በየእንቅስቃሴው ከ5 ሰከንድ ጭማሪ ጋር ይሰጠው።

ኪቶ፦ ወንድሜ ጅሬን ያነሡት ምሳሌ ለትልልቆቹ ይስማማል፤ የእኛ ተወዳዳሪዎች ግን ጀማሪዎች ናቸው። በአንድ ልምምድ ላይ አንድ ሩክ (ግንብ የሚመስለው ጠጠር) ብልጫ የነበረው ፕሮግራም በሁለት እንቅስቃሴ ማት ሊያደርግ (የተጋጣሚውን ንጉሥ ማምለጫ ሊያሳጣ) ሲል ሰዓቱ ዜሮ ገባበት፤ የጻፈችው ልጅ ስክሪኑን እያየች ዝም አለች። ስሕተቱ የነበረው በቼዙ ላይ ሳይሆን ሰዓት በሚቆጥሩት ጥቂት መስመሮች ላይ ነው። በዚያ ላይ ዳኞቹ አንድ ቀን ብቻ ነው ያላቸው፤ ረቂቁ ደግሞ ቀን ይቆጥባል፤ ስለዚህ እደግፈዋለሁ።

አዌቱ፦ ሁለታችሁም ሰከንድን እንደ ሚዛን ድንጋይ ቆጠራችሁት። በአዲስ ላፕቶፕ ላይ ያለ አንድ ሰከንድና በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ያለ አንድ ሰከንድ እኩል አይደሉም፤ መብራት ጠፍቶ በባትሪ ሲሠራ ደግሞ ብዙው ላፕቶፕ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሁሉም ጨዋታ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ይካሄድ፤ በተጋጣሚ ተራ ማሰብም ይከልከል፤ አለዚያ አንዱ የሌላውን ፕሮሰሰር ይሻማል።

ኪቶ፦ እንዲያ ከሆነ ሰዓቱን ትተን ፕሮግራሙ የሚመረምራቸውን የጠጠር አቀማመጦች ብዛት ለምን አንገድብም?

አዌቱ፦ እያንዳንዱን አቀማመጥ በጥልቀት የሚመዝን ፕሮግራም በዚያ ደንብ ያለ አግባብ ይጠቀማል፤ ቶሎ ቶሎ ብዙ የሚያይ ፕሮግራም ደግሞ ፍጥነቱ ከንቱ ይሆንበታል። ሰዓቱ ይቅር አልልም።

ጅሬን፦ የአዌቱ ሐሳብ የእኔን 15 ደቂቃ እንደሚያፈርሰው አምናለሁ። ውድድሩ 28 ጨዋታ ነው፤ እያንዳንዱ ወገን 60 ጊዜ ቢንቀሳቀስ አንዱ ጨዋታ እስከ 40 ደቂቃ ይወስዳል፤ በአንድ ኮምፒውተር ድምሩ 18 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይሆናል። ሆኖም በዚሁ ስሌት የረቂቁ 10 ሰከንድ ራሱ 9 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይፈጃል። 5 ደቂቃ ከ3 ሰከንድ ጭማሪ ጋር ብንሰጥ ግን ቢበዛ 7 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ነው፤ ጨዋታው ቢረዝም እንኳ እያንዳንዱ ተጨማሪ እንቅስቃሴ የሚያስከፍለው ከ3 ሰከንድ ብዙም አይበልጥም። የዓለም የቼዝ ሻምፒዮን የነበሩት ቦቢ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1989 የፈጠራ መብት ያገኙበት የጭማሪ ሰዓት ኪቶ ላነሡት ችግርም ይበጃል፦ ጊዜው ሲያልቅበት ከ3 ሰከንድ በታች እንዲጫወት የተጻፈ ፕሮግራም በሰዓት አይሸነፍም።

ኪቶ፦ ረቂቁ ቀን ይቆጥባል ብዬ ነበር፤ ስሌቱ ተቃራኒውን አሳየኝ። 5 ደቂቃ ከ3 ሰከንዱን እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ተወዳዳሪዎች በዚሁ ሰዓት የሚለማመዱበት ሁለት ሳምንት ይሰጣቸው። በጨዋታ መሀል መብራት ቢጠፋስ? የቀረውን ሰከንድ መዝግበን ከቆመበት እንቀጥላለን?

አዌቱ፦ ኮምፒውተሩ ከጠፋ ፕሮግራሙ በማስታወሻው ያጠራቀመው ስሌት ሁሉ አብሮ ይጠፋል፤ ጉዳቱም ብዙ ባጠራቀመው ላይ ይበረታል። እንዲህ ያለው ጨዋታ ከመጀመሪያው ይደገም እላለሁ፤ ጄኔሬተር የሚያውሰን ከተገኘ ግን ይህን አንቀጽ ለመሰረዝ የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ።