ታንኩ ጠዋት ላይ ሲያልቅ ኢፓኔት ላይ ግፊቱ ለምን ኔጋቲቭ ይሆናል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የአንዲት ትንሽ ከተማን የውሃ መስመር በኢፓኔት (የውሃ መስመርን ፍሰትና ግፊት በሚያሰላ የኮምፒውተር ፕሮግራም) እየሠራሁ ነው። ፓምፑ ሌት ተቀን በሴኮንድ 8 ሊትር ይሰጣል። አማካይ ፍላጎቱ 10 ሊትር ነው፣ ጠዋት ጠዋት ግን 18 ይደርሳል። ታንኩ 100 ሜትር ኩብ ይይዛል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ሙሉ ሆኖ ይጀምርና 3 ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል፣ ከዚያ ግፊቱ ሺህ ምናምን ኔጋቲቭ ይልብኛል። ምን አጥፍቼ ነው? ታንኩን ላሳድገው?

መልስ 1፦
ምንም አላጠፋህም ወንድሜ። ታንኩ ዝቅተኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ ኢፓኔት መውጫውን ይዘጋል። ችግሩ የተለመደው ስሌት የሁሉም ኖድ (ሞዴሉ ላይ ውሃ የሚወሰድበት ነጥብ) ፍላጎት የግድ ይሟላል ብሎ መነሳቱ ነው፤ ውሃ ሳይኖር ውሃ ሰጥቻለሁ ስለሚል ሒሳቡ እንዲገጥምለት ያንን የማይሆን ግፊት ያመጣል። ቁጥሩን እርሳው፣ «እዚህ ውሃ የለም» ማለቱ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢፓኔት ስሪት 2.2 ላይ ፕሬዠር ድሪቨን (ግፊት ሲያንስ የሚሰጠውንም ውሃ የሚቀንስ ስሌት) የሚል ምርጫ አለ፣ እሱን ሞክር። የሚፈለገውን ግፊት (በውሃ ከፍታ ሲለካ) 20 ሜትር፣ ዝቅተኛውን 0፣ ኤክስፖነንቱን (ግፊት ሲያንስ ውሃው በምን ያህል እንደሚቀንስ የሚወስነውን ቁጥር) 0.5 ካደረግከው፣ 5 ሜትር ግፊት ያለው ኖድ የፍላጎቱን ግማሽ ብቻ ያገኛል።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ፣ ያ አስፈሪ ቁጥር ጠፋ። ታንኩ ግን አሁንም በዚያው ሰዓት ያልቃል!

መልስ 2፦
ማለቁማ አይቀርም። ከተማዋ በቀን 864 ሜትር ኩብ ትፈልጋለች፣ ፓምፑ የሚሰጥህ 691 ነው። 173 ከየት ይምጣ? ታንክ የሌሊቱን ውሃ ለጠዋት ያቆይልሃል እንጂ ውሃ አይወልድም፣ ስለዚህ ብታሳድገው የሚያልቅበትን ሰዓት ብቻ ነው የምትገፋው። ደግሞ ታንኩ ኮረብታ ላይ ከሆነ ውሃው 3 ሜትር ኖረው ግማሽ ሜትር፣ ታች ሰፈር ያለው ግፊት እምብዛም አይለወጥም። ፕሬዠር ድሪቨን የሚያየው ግፊትን ስለሆነ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ሙሉውን ይሰጥና ከታንኩ የሚመጣው ድንገት ዜሮ ይሆናል። ቁጠባ አያውቅም።

መልስ 3፦
እኔ የምጨምረው፣ እንዲህ ያለ ከተማ ውስጥ ውሃ በፈረቃ ነው የሚሰጠው። ሞዴሉም ፈረቃውን ይያዝ፣ የየሰፈሩን ቫልቭ በሰዓት ክፈትና ዝጋ። የ24 ሰዓት የፍላጎት ፓተርኑንም (ፍላጎቱ በየሰዓቱ እንዴት እንደሚለዋወጥ የሚያሳየውን) እንዳለ አትተወው። ሰው ውሃ ሲመጣ ሮቶውንም ጀሪካኑንም ባንዴ ነው የሚሞላው፤ ከፍታ ላይ ያሉት ቤቶች ደግሞ ታች ያሉት ሞልተው እስኪዘጉ ይጠብቃሉ። የየሰፈሩን ሮቶ ደምረህ ኖዱ ላይ እንደ ትንሽ ታንክ አስገባው፣ ውሃ ማን ጋ እንደማይደርስ ያኔ ታያለህ።