ጂን ቶኒክ ሰለቸኝ፣ እንዴት ላሳምረው?

ጠያቂው፦
ሰላም ጓዶች እስኪ እርዱኝ። ቅዳሜ ማታ 8 ሰው እቤት ይመጣል፣ እኔ ደግሞ ሁሌ የማቀርበው ያው ጂን በቶኒክ በሎሚ ነው፣ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም ግን እኔ ራሴ ሰለቸኝ። ባለፈው ላሻሽል ብዬ እንጆሪ ጨፍልቄ ከታች ጨመርኩ፣ ሮዝመሪ (ያው የጥብስ ቅጠል) ደግሞ ጠርሙሱ ውስጥ ከትቼ አሳደርኩት፣ እንጆሪው ጭቃ መሰለ፣ ጂኑ ደግሞ የጉንፋን መድኃኒት መድኃኒት አለ፣ ሰው በይሉኝታ ጠጣልኝ። ውድ ጂን መግዛት አልፈልግም፣ ሼከር (የመጠጥ መናጫ) ምናምንም የለኝም። ከሚመጡት አንዷ አልኮል አትጠጣም፣ እሷም ውሃ ይዛ እንድትቀመጥ አልፈልግም። ምን ትሉኛላችሁ?

የቀድሞ ባርማን፦
ወንድም ጌጡን ለጊዜው ተወውና ስለ በረዶህ ንገረኝ። ብዙ ሰው ሦስት ሚጢጢ በረዶ ጣል አድርጎ ከመደርደሪያ ያነሳውን ሞቅ ያለ ቶኒክ ይገለብጥበታል፣ በረዶው ወዲያው ውሃ ይሆናል፣ ጋዙ ይወጣል፣ ከዛ በኋላ አበባ ብትሰካበት ምን ዋጋ አለው? ብርጭቆውን እስከ አፉ በበረዶ ሙላው። ሲበዛ ቶሎ የሚያቀጥን ይመስላል ግን ተቃራኒው ነው፣ መጠጡን ቶሎ ስለሚያቀዘቅዘው ራሱ የሚቀልጠው ቀስ ብሎ ነው። ቶኒኩ ፍሪጅ ውስጥ ይደር፣ ጂኑን ፍሪዘር ብትከተውም ችግር የለም፣ የቤት ፍሪዘር አያረጋውም። 50 ሚሊ ጂን፣ 150 ሚሊ ቶኒክ፣ ቶኒኩን በብርጭቆው ጎን ቀስ አድርገህ ታወርደዋለህ፣ በማንኪያ ከታች ወደ ላይ አንዴ ብቻ ታነሳዋለህ፣ አለቀ። ትንንሹን ጠርሙስ ግዛ፣ ትልቁ ተከፍቶ አምስተኛው ሰው ጋ እስኪደርስ ጋዝ አይኖረውም።

ሮዝመሪው ደግሞ መዘፍዘፍ አልነበረበትም። መዳፍህ ላይ አድርገህ አንዴ በጥፊ በለውና ጠጪው ብርጭቆውን ሲያነሳ አፍንጫው ጋ እንዲደርስ ከበረዶው ዳር ሰካው። ሽታው ይበቃል።

ብቻውን ሎሚ፦
ኧረ ጂኑን ተዉት እባካችሁ!! ጂን እኮ የጥድ ፍሬ ጣዕም ያለው መጠጥ ነው፣ አትክልት ቦታ ሁሉ እላዩ ላይ ካራገፋችሁበት ምኑ ጂን ሆነ። አንድ ቁራጭ ሎሚ፣ በቃ።

የቀድሞ ባርማን፦
@ብቻውን ሎሚ ግማሹ እውነትህን ነው። አንድ ፍሬ እና አንድ ቅጠል ወይም ቅመም፣ ሦስተኛ አትጨምሩ ነው የምለው። ግሬፕፍሩት ልጣጭ ከቁንዶ በርበሬ ጋር፣ ብርቱካን ከቀረፋ እንጨት ጋር፣ እንጆሪ ከበሶብላ ጋር (ተቆርጦ እንጂ ተጨፍልቆ አይደለም፣ ጭቃህ የመጣው ከዛ ነው)። ልጣጩን ስታነሳ ነጩን ክፍል ተወው፣ ይመራል። ከዛ ብርጭቆው አናት ላይ ጠምዘዝ አድርገው፣ ዘይቱ እላዩ ላይ ብን ይላል፣ ከዛ ጣለው ውስጡ። ለዓይን ደግሞ ኪያርን በርዝመቱ በአትክልት መላጫ ስስ ሪባን አድርገህ በረዶ ሳይገባ ብርጭቆውን ከውስጥ ጠቅልለው፣ በረዶው ሲገባ ይዞት ይቆማል። ይሄ ብቻውን ሰው ስልክ ያወጣለታል።

የቀለም ሱሰኛ፦
እኔ ሁሌ የምሰራትን ልንገርህ። በተርፍላይ ፒ የምትባል ሰማያዊ አበባ አለች፣ ደርቃ እንደ ሻይ ቅጠል ትሸጣለች። ጂኑ ውስጥ 10 ያህል ከትተህ ሁለት ሦስት ሰዓት ጠብቅና አጥልለው፣ ጥርት ያለ ሰማያዊ ይሆናል፣ እና ቶኒኩ ሲፈስበት ወደ ሐምራዊ ከዛ ሎሚ ስትጨምር ወደ ሮዝ ይዞርልሃል!! ምትሐት አይደለም፣ የአበባው ቀለም አሲድ ሲያገኝ ይቀየራል፣ ቶኒክ ውስጥ ደግሞ አሲድ አለ። ጣዕሙን ብዙም አይነካውም ግን አታሳድረው፣ ሳር ሳር ይላል። ቶኒኩን እንግዶቹ ራሳቸው ይቅዱ፣ ትዕይንቱ እሱ ነው እንጂ ወጥ ቤት ቀላቅለህ ካመጣኸው ምን ዋጋ አለው።

ሌላ ደግሞ፣ ያቺ ጭፈራ ቤት ያለችው የአልትራቫዮሌት መብራት ካለችህ ቶኒክ ሥሯ ሰማያዊ ያበራል፣ ቶኒኩን መራራ የሚያደርገው ኩዊኒን የሚባለው ነገር ነው የሚያበራው፣ ምንም አትጨምርም።

ዝንጅብሌ፦
ለማትጠጣዋ ጓደኛህ፦ አንድ የሾርባ ማንኪያ የጥድ ፍሬ፣ ሁለት ሦስት ሄል፣ ትንሽ የድንብላል ፍሬ እና የሎሚ ልጣጭ በአንድ ኩባያ ውሃ 10 ደቂቃ አፍላ፣ አጥልለህ አቀዝቅዝ፣ በጂኑ ፋንታ 50 ሚሊ ታደርግላታለህ። ከሌሎቹ ብርጭቆ ጎን ብታስቀምጠው በዓይን አይለይም። ግን የጥድ ፍሬውን ለምግብ የሚሸጠውን ግዛ፣ ካገኘኸው ዛፍ ላይ እንዳትለቅም፣ መርዛማ ዓይነት አለ። አበባም ለጌጥ ከሚሸጥበት ገዝታችሁ መጠጥ ውስጥ አትክተቱ፣ ፀረ ተባይ ይረጩበታል። እርጉዝ ከሆነች ወይ የልብ መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ቶኒኩ ራሱ ኩዊኒን ስላለው ሐኪሟን ትጠይቅ፣ ግሬፕፍሩትም ከአንዳንድ መድኃኒት ጋር አይስማማም።

ጠያቂው፦
እሺ ሪፖርት 😅 አበባውን ረስቼው አደረ፣ ትንሽ ሳር ሳር አለ ግን ቀለሙ ሲቀየር ሁሉም ስለጮሁ ማንም አላወቀብኝም። ኪያሩ አንደኛ ነበር። ጓደኛዬ የጥድ ውሃውን ሁለቴ አስደገመች፣ አንዱ ጠጪ ደግሞ ተሳስቶ የሷን አንስቶ ግማሽ እስኪያደርስ አልነቃም። በረዶ ግን አለቀብኝ፣ ለ8 ሰው ሁለት ትሪ ምንም አይደለም ለካ። አሁን ግማሽ ጠርሙስ ሰማያዊ ጂን ተርፏል፣ ይቆያል?

የቀለም ሱሰኛ፦
ጂኑ አይበላሽም፣ ቀለሙ ነው እየደበዘዘ የሚሄደው። ብርሃን የማያገኘው ቦታ አስቀምጠውና ቶሎ ጨርሰው። በረዶ ከሁለት ቀን በፊት ጀምረህ እያረጋህ ፌስታል ውስጥ አጠራቅም፣ እኔ ለአንድ ሰው ግማሽ ኪሎ እያልኩ ነው የማስበው።