ኅዳር ላይ ሰሜን ስፔንን በመኪና፦ በዝናቡ እንሂድ ወይስ ይቅርብን?

የጅሬን ሰው፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ጅማ ነው። ታናሽ እህቷ ቢልባኦ ናት፤ ኅዳር ላይ ልንጠይቃት ቪዛችን ወጥቷል። ከእሷ ቤት ተነስተን በኪራይ መኪና እስከ ሳንቲያጎ ዴ ኮምፖስቴላ ልንነዳ አስበናል። ስምንት ቀን አለን፣ ስምንት ከተማም መርጠናል። እህቷ ግን "ኅዳር እዚህ ዝናብ ነው፣ ለሐምሌ አቆዩት" ትላለች። ለሐምሌ የእኔ ሥራ አይፈቅድም። ሁለታችንም የአሳማ ሥጋ አንበላም። የሄደ ሰው ካለ ይምከረን።

እመት ቡና፦
ወንድሜ፣ ሂዱ። የዛሬ ሁለት ዓመት ኅዳር ላይ እኔና ባለቤቴ በዚያው መንገድ ነድተናል።

የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ። ከሰዓት በኋላ ጠቁሮ ይመጣል፣ ቆርቆሮውን ደብድቦ ይሄዳል። የዚያኛው ካፊያ ነው። ጠዋት አለ፣ ማታም አለ። ባስኮች ቺሪሚሪ ይሉታል፣ አስቱሪያሶች ኦርባዩ። እስኪያባራ ብላችሁ አትጠብቁ፣ ቀኑ ያልቅባችኋል። ጃንጥላውን ነፋስ ይገለብጠዋል፤ ኮፍያ ያለው የዝናብ ልብስና ውሃ የማያስገባ ጫማ ያዙ።

ስምንት ከተማ ግን በዛ። እኛም እንደዚያ አድርገን ነበር። በየማታው አዲስ ሆቴል፣ በየማታው እርጥብ ልብስ ሻንጣ ውስጥ። በአራተኛው ቀን በትንሽ በትልቁ መጨቃጨቅ ጀመርን።

ሪባዴኦ አጠገብ ፕላያ ዴ ላስ ካቴድራሌስ የሚባል የባሕር ዳርቻ አለ። ማዕበል የቦረቦረው ገደል እንደ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ቅስት ሆኖ ቆሟል። ከሥሩ መሄድ የሚቻለው ውሃው ሲሸሽ ብቻ ነው። እኛ ሳናጣራ ደረስን። ውሃው ሞልቷል፣ አሸዋው የለም። ባለቤቴ "ሳይመሽ ሉጎ እንግባ" አለኝ። እምቢ አልኩ። ሪባዴኦ አድረን ጠዋት ውሃው ሲጎድል ተመለስን። በሐምሌ ቢሆን አስቀድሞ ካልተመዘገቡ አይገባም፤ በዚያ ጠዋት ግን ከእኛ ሌላ ሰው አልነበረም። ዝናቡ በድንጋዩ ጠርዝ ይንጠባጠባል፣ እኛ ከቅስቱ ሥር ደርቀን ቆመናል። ባለቤቴ እጄን ይዞ ምንም ሳይናገር ብዙ ቆየ። በሃያ ዓመት ትዳራችን ያን ጠዋት የሚያህል ብዙ የለኝም።

ሹፌሩ፦
በዚያ መንገድ ለሥራ ተመላልሻለሁ። ኤ-8 የሚባለው አውራ ጎዳና ጥሩ ነው። ሞንዶኜዶ አካባቢ ግን ተራራው ላይ ጉም ይወርዳል። ሲብስ ፖሊስ መንገዱን ዘግቶ በአሮጌው ኤን-634 ያዞራችኋል። አትደንግጡ፣ ለዚያ ቀን ሰዓት ትርፍ ያዙ። የኪራይ መኪኖቹ አብዛኞቹ ማንዋል ናቸው። ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድም ከዚሁ አውጡ።

ስለ ምግብ፦ ፋባዳ የሚባለውን የነጭ ቦሎቄ ወጥ ሁሉም ሰው ይጋብዛችኋል፤ ውስጡ የአሳማ ሥጋ አለበት። "ያለ ሥጋ" ማለት ብቻ አይበቃም። "ሲን ሴርዶ" (ያለ አሳማ) በሉ፣ ቾሪሶ የሚሉትን የአሳማ ቋሊማና ሃሞን የሚሉትን የደረቀ የአሳማ ጭንም ስማቸውን ጠርታችሁ አስወጡ። ዓሣው ግን ግሩም ነው። ምሳ በእኛ አቆጣጠር ከ7 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት ተኩል ግድም ነው። ካለፋችሁ ብዙ ቦታ ኩሽናው እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ይዘጋል።

የጅሬን ሰው፦
እግዜር ይስጥልን። ለባለቤቴ አነበብኩላት፣ ወስነናል። እመት ቡና፣ የትኞቹን እንተው?

እመት ቡና፦
ሦስት ቦታ ብቻ እደሩ፦ ሳንቲያና ዴል ማር፣ ኦቪዬዶ፣ ሪባዴኦ። ሳንቲያና አጠገብ የአልታሚራ ሙዚየም አለ። ዋናው ዋሻ ሥዕሉ እንዳይጎዳ ሲባል እንደ ልብ አይገባበትም፤ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ሰው የሚያየው ልክ እንደሱ የተሠራውን ነው። ጣሪያው ላይ ያሉትን ጎሾች ለማየት ዝናብ አያግዳችሁም። ከኦቪዬዶ ወጣ ስትሉ ደግሞ በእንጨት ወይም በድንጋይ እግር የቆሙ ጎተራዎች ታያላችሁ፤ ኦሬዮ ይሏቸዋል። በየእግሩ አናት አይጥ እንዳይወጣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተደርጓል። መኪናውን አቁማችሁ ተጠግታችሁ እዩ። ሪባዴኦ ላይ ሁለት ሌሊት ያዙ፣ ውሃው የሚሸሽበትን ሰዓትም ከዚሁ ከጅማ ሳትነሱ ጻፉት።