ከዛንዚባር መመለሻ ቀን፦ ከልጆች ጋር ከኑንግዊ በስንት ሰዓት እንነሳ?

ጥያቄ፦ የ2 እና የ7 ዓመት ልጆች ይዘን ወደ አዲስ አበባ እንመለሳለን። ትኬቱ 17፡10 ይላል። ጠዋት ዋና ይቻላል? ቅርንፉድና ዛጎልስ በሻንጣ ያልፋል?

መልስ፦ ኑንግዊ የደሴቲቱ ሰሜን ጫፍ ነው፤ ኤርፖርቱ ደግሞ ከስቶን ታውን በስተደቡብ። 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም መንገዱ መንደር ለመንደር ስለሆነ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። 17፡10 በእኛ ከቀኑ 11፡10 ነው። ሦስት ሰዓት ቀድማችሁ ለመድረስ ከቀኑ 6፡30 ተነሱ። ዋናውን ግን ከዋዜማው ጨርሱት። ጠዋት የረጠበ ልብስ በዚያ ወበቅ ቶሎ አይደርቅም፣ ሻንጣ ውስጥ ታፍኖ ይሸታል።

መልስ፦ ለሾፌሩ ሰዓት ስትነግሩ ተጠንቀቁ! ስዋሂሊም እንደኛ ከንጋት ነው የሚቆጥረው፤ «ሳ ሲታ ና ኑሱ» ማለት ስድስት ተኩል፣ ቀትር አለፍ ሲል ማለት ነው። በእንግሊዝኛ ስድስት ተኩል ካላችሁት ግን በየትኛው አቆጣጠር እንደሚወስደው አይታወቅም። በትኬቱ አቆጣጠር 12፡30 ብላችሁ ጽፋችሁ ላኩለት።

መልስ፦ ዛጎሉን እዚያው ተዉት፣ ያለ ፈቃድ ማውጣት ክልክል ነው። ኮራልም እንደዚያው። ለቤት የሚሆን ጥቂት ቅርንፉድ ችግር የለውም፤ ብቻ በደንብ አሽጉት፣ አለዚያ ልብሱ ሁሉ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል። የልጆቹን ሹራብ በእጅ ሻንጣ ያዙ፤ ማታ ቦሌ ስትወርዱ ይበርዳቸዋል። ለትንሹ አውሮፕላኑ ዝቅ ማለት ሲጀምር የሚጠጣ ስጡት፤ ሲውጥ ጆሮው ይከፈትለታል።